የሐጅ ክትባት፦ ኢንሹራንሳችን ይከፍላል ወይስ ከኪሳችን?

ከአሜሪካ ለሐጅ የሚነሳ ሰው የማጅራት ገትር ክትባት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ሳዑዲ ዓረቢያ ግዴታውን ያጠበቀችው በ2000 እና በ2001 (እ.ኤ.አ.) ከሐጅ ጋር ተያይዞ ደብሊው 135 የተባለው የበሽታው ዓይነት በበርካታ አገሮች ከተሰራጨ በኋላ ነው። የሚፈለገው ኤ፣ ሲ፣ ደብሊው እና ዋይ የተባሉትን አራቱንም ዓይነቶች የሚከላከለው ክትባት ሲሆን፣ ቢያንስ ከመድረስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ለ5 ዓመት ያገለግላል። ነገር ግን ክትባቱ «ኮንጁጌት» መሆኑ በወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ 3 ዓመት ብቻ ስለሚቆጠርላችሁ ጽፈው እንዲሰጧችሁ አደራ።

ብዙ ሑጃጆችን የሚያስደነግጠው ግን ሂሳቡ ነው። ኦባማኬር የምንለው የ2010 ሕግ፣ የአገሪቱ የክትባት አማካሪ ኮሚቴ በመደበኛነት የሚመክራቸውን ክትባቶች አብዛኞቹ ኢንሹራንሶች ያለ ኮፔይ እንዲሸፍኑ ያስገድዳል፤ ክትባቱ ኢንሹራንሱ ውል ካለው ሐኪም ወይም ፋርማሲ ከተወሰደ ማለት ነው። ለጉዞ ተብሎ የሚሰጠውን ግን ብዙ ኩባንያዎች ከዚህ ውጪ ያደርጉታል። ስለዚህ አባትና የ16 ዓመት ልጅ አንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት ክትባት ወስደው ለልጁ ምንም ሳይከፈል አባትየው ሂሳብ ሊመጣበት ይችላል። ለልጁ የዕድሜው መደበኛ ክትባት ነው፤ ለአባቱ የጉዞ። እኛን ትክክል አይመስለንም፤ አሠራሩ ግን ይኸው ነው።

ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት በካርዳችሁ ጀርባ ባለው ቁጥር ደውሉ። የክትባቱን ስም፣ ዕድሜያችሁንና ለሐጅ መሆኑን ነግራችሁ «ትከፍላላችሁ? ፋርማሲ ልሂድ ወይስ ሐኪም ጋር?» በሉ። አማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅም ትችላላችሁ። የደወላችሁበትን ቀንና ያነጋገራችሁን ሰው ስም መዝግቡ፤ ኋላ ክርክር ቢነሳ ይጠቅማል። መከፈል የነበረበት ክትባት ከተከለከለባችሁ ደብዳቤው በደረሳችሁ በ180 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል።

ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን ደስ የሚል ነገር አለ፦ ከ2023 ጀምሮ ሜዲኬር ፓርት ዲ ያላቸው ኮሚቴው ለአዋቂዎች የሚመክራቸውን ክትባቶች ያለ ኮፔይ ያገኛሉ። ሜዲኬይድም ከዚያው ዓመት ኦክቶበር ጀምሮ ተመሳሳይ ግዴታ አለበት። ኢንሹራንስ የሌላቸው ከ19 ዓመት በታች ልጆች ደግሞ ክትባቱን በመንግሥት ፕሮግራም በነፃ ያገኛሉ፤ ክሊኒኩ ለመከተቢያው ትንሽ ሊያስከፍል ቢችልም። ኢንሹራንሱ እምቢ ያላቸው አዋቂዎች የካውንቲያቸውን ጤና ቢሮ ዋጋ ሳይጠይቁ ወደ ግል የጉዞ ክሊኒክ ባይሮጡ እንመክራለን።