ከጉንችሬ እስከ ገበያ፦ ምርትን በምን ማጓጓዝ ያዋጣል?

በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ጉራጌ ዞን የምትገኘው ጉንችሬ ከተማ ለአካባቢዋ አርሶ አደሮች የምርት መገበያያና መጫኛ ናት። ቆጮ፣ አቮካዶ፣ ጫትና የባሕር ዛፍ አጣና ከአካባቢው ተነሥተው በእምድብርና በወልቂጤ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይጓዛሉ። ከወልቂጤ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ብቻ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ማሳ ላይ ያማረ ምርት በመንገድ ከተበላሸ የዓመት ልፋት ከንቱ ይቀራል፤ የማጓጓዣ ምርጫም የነጋዴው ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

መኪና የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «በኩንታል ስንት?» ብሎ ነው። ከዚህ በፊት ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ ግን «ምርቱ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል?» የሚለው ነው።

ጫት ትኩስነቱን ሲያጣ ዋጋው ስለሚወድቅ የሰዓታት መዘግየት እንኳ ይጎዳዋል፤ ስለዚህ ፈጣኑ መኪና ውድ ቢሆንም ይመረጣል። ቆጮ በአንጻሩ ተብላልቶ የሚዘጋጅ በመሆኑ በኮባ ተጠቅልሎ ቀናትን ይታገሣል። አጣናም ቦታ ይይዛል እንጂ ቶሎ አይበላሽም። ለእነዚህ ሁለቱ ርካሽ መኪና እስኪገኝ መጠበቅ ያዋጣል።

አቮካዶ ከሁለቱ ወገን መካከል ይቆማል። ፍሬው የሚለሰልሰው ከተቀጠፈ በኋላ ስለሆነ መጓዝ ያለበት ጠንካራ ሳለ ነው። በጆንያ ታጭቆ፣ ሌላ ዕቃ ተጭኖበት የሚሄድ አቮካዶ ጉዳቱ ወዲያው ባይታይም ከቀናት በኋላ ውስጡ ይጠቁራል።

ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተወሰዱ እንጂ የወቅቱ የገበያ ዋጋ አይደሉም። 40 ኩንታል አቮካዶ በኪሎ 30 ብር ቢሸጥ 120 ሺህ ብር ያወጣል። ከሌላ ጭነት ጋር ተደባልቆ በኩንታል 300 ብር ቢጓዝ ኪራዩ 12 ሺህ ብር ነው፤ ከምርቱ 15 በመቶ ቢበላሽ 18 ሺህ ብር ይታጣል። ለባለቤቱ የሚቀረው 90 ሺህ ብር ይሆናል። ለብቻው በተከራየ አይሱዙ፣ በሳጥን ተደርድሮ በኩንታል 450 ብር ቢጓዝ ደግሞ ኪራዩ ወደ 18 ሺህ ብር ከፍ ይላል፤ ብልሽቱ 4 በመቶ ከሆነ ግን ኪሳራው 4 ሺህ 800 ብር ብቻ ነው። የሚቀረው 97 ሺህ 200 ብር ይሆናል። በኪራይ የተወደደው መኪና በመጨረሻ 7 ሺህ 200 ብር አትርፏል። የሳጥኑ ወጪ ከዚህ የሚቀነስ ቢሆንም ሳጥን ተመላልሶ ያገለግላል።

መኪና ለመሙላት የማይበቃ ምርት ያላቸው አርሶ አደሮች ተሰባስበው ቢጭኑ ኪራዩን ይጋራሉ። ጥቂት ኩንታል በአውቶቡስ ፖርቶመጋላ መላክ ቀላል ቢመስልም ፀሐይና ዝናብ ለአቮካዶ አይመቹም። ሲሚንቶና ሸቀጥ አራግፎ ባዶውን ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ መኪናም በመልስ ጭነት ዋጋ ለመደራደር ዕድል ይሰጣል፤ ጊዜው ግን በባለመኪናው ስለሚወሰን ይበልጥ የሚስማማው ለቆጮና ለአጣና ነው።

ምርቱ ለውጭ ገበያ ሲታሰብ አማራጩ ይሰፋል። በ2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎት የጀመረው የኢትዮ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘልቃል፤ ከሞጆ ደረቅ ወደብም ጋር ተገናኝቷል። ባቡር ብዙ ጭነትን በአንድ ጊዜ ለማንሳት የተመቸ ቢሆንም ከማሳ እስከ ጣቢያ ያለው ጉዞ አሁንም በመኪና ነው። አውሮፕላን ፈጣን ነው፤ ለከባድና ዋጋው ዝቅተኛ ለሆነ ምርት ግን አያዋጣም። አቮካዶ በመርከብ የሚላከው ማቀዝቀዣ ባለው ኮንቴነር ሲሆን፣ ቅዝቃዜው ከመጫኛው እስከ መድረሻው ሳይቋረጥ መቆየት አለበት።

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ ከመጫን በፊት በጽሑፍ መስማማት ከጭቅጭቅ ያድናል። የጭነቱ ክብደት፣ የመነሻና የመድረሻ ሰዓት፣ የጫኝና አውራጅ ክፍያ፣ በመንገድ የሚጠየቁ ክፍያዎችን የሚሸፍነው ወገን፣ ምርቱ ቢበላሽ ወይም ቢጎድል ተጠያቂው ማን እንደሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። በክረምት ጭቃው መኪናን ከዋናው መንገድ ስለሚያርቅ፣ ፍሬው የሚቀጠፈው መኪናው መድረሱ ከተረጋገጠ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ዛፍ ላይ የቆየ አቮካዶ ሌላ ቀን ሊጠብቅ ይችላል፤ ተቀጥፎ መንገድ ዳር የተከመረ ግን ጊዜ የለውም።