አምቦን በጠርሙስ ብቻ ለምናውቅ



እኛ በመዲናይቱ የምንኖር የመንግሥት ሠራተኞች የአገራችንን ከተሞች የምናውቃቸው አብዛኛውን ጊዜ በስብሰባ አዳራሻቸውና በውሎ አበላቸው ነው ብል የሚቀየመኝ ባልደረባ ያለ አይመስለኝም። አምቦንማ በምሳ ጠረጴዛችን ላይ በጠርሙስ እናገኘዋለን። ውሃው በጠርሙስ መሞላት የጀመረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1930 ነው፤ የፈለቀበትን ስፍራ ያየ ግን ጥቂት ነው።

በበኩሌ ባለፈው የዓመት ፈቃዴ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን አክስቴን ይዤ ወደዚያው ሄድሁ። መንገዱ ራሱ ታሪክ ነው። በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት የጦር ትምህርት ቤት የተከፈተባት ሆለታ አስቀድማ ትገኛለች። ከእርስዋ ቀጥሎ አዲስ ዓለም ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ አበባ ማገዶ ስላለቀ መናገሻቸውን ወደዚህ ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ባሕር ዛፍ ባይደርስልን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ዛሬ የምጽፈው ከአዲስ ዓለም በሆነ ነበር። ቤተ መንግሥት ሊሆን የታሰበው ለቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አክስቴ ከተሳለሙ በኋላ ከኮረብታው አልወርድም ብለው ብዙ አስቆሙኝ።

አምቦ ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ተብላ ትጠራ ነበር፤ ስሙም አለነገር አልወጣላትም። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ውሃውን የሚያፈላው ከእሳተ ገሞራ ምድር ውስጥ የሚወጣ ጋዝ ነው። ከገንዳው ዘንድ ያየኋቸው ሰዎች አብዛኞቹ ለሽርሽር የመጡ አልነበሩም፤ በትር የተመረኮዙ፣ በልጆቻቸው ትከሻ የተደገፉ ናቸው። ፈውስ መሆኑንና አለመሆኑን ለሐኪሞች እተወዋለሁ። አክስቴ ግን በሁለተኛው ቀን፣ «ልጄ፣ ዛሬስ ጉልበቴ የራሴ ሆነ» አሉኝ።

ከአምቦ ወደ ደቡብ ሽቅብ ሲወጡ ወንጪ ይገኛል። ተራራው እስከ 3,386 ሜትር ይደርሳል፤ ቀድሞ እሳት ይተፋ የነበረው አፉ ዛሬ ሐይቅ ተኝቶበታል። በሐይቁ መካከል ባለችው ደሴት የቂርቆስ ገዳም አለ፤ የሚኬደውም በጀልባ ነው። በ2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ መርጧታል።

ይህ ሁሉ ያስደስታል። ዳሩ ግን በዚሁ አካባቢ ከሚገኙት ማረፊያዎች በአንዱ ገብቼ የአንድ ሌሊት ዋጋ ብጠይቅ በትሕትና ነገሩኝ፤ እኔም በትሕትና አመስግኜ ወጣሁ። ለባለጸጋና ለውጭ አገር እንግዳ የሚሆን ቤት መሠራቱን አልቃወምም፤ ገንዘብ ያመጣል፣ ለአካባቢው ወጣት ሥራ ይሰጣል። የምጠይቀው በጎኑ ንጹሕ አልጋ፣ ንጹሕ መታጠቢያና የደመወዝተኛ ኪስ የሚችለው ዋጋ እንዲኖር ነው። ፍል ውሃን ከሁሉ የበለጠ የሚሻው ጉልበቱን የታመመው አሮጊትና ሽማግሌ ነው፤ እርሱ ደግሞ የሚኖረው በጡረታ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ያሉት የሠራተኛ ማኅበራትም በዓመት አንድ ጊዜ አውቶቡስ ተከራይተው አባሎቻቸውን ከነወላጆቻቸው ቢወስዱ ወጪው ለእያንዳንዱ ይቀልለታል።

ለመሄድ የሚያስብ ቢኖር አስቀድሞ የመንገዱን ጸጥታ ይጠይቅ። በክረምት ጉሙ ሐይቁን ስለሚሸፍነው ከመስከረም በኋላ ቢሆን ይሻላል፤ ወንጪ ብርድ ነውና ካፖርት ይያዝ።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ