ሳይሰበር የሚያረጅ ስልክ

ስልክ ሊገዛ የወጣ ሰው ስለ ካሜራው፣ ስለ ራሙና ስለ ባትሪው ይጠይቃል። እነዚህ በግዢው ዕለት ተሞክረው የሚታወቁ ናቸው። ስልኩ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ማገልገል አለማገልገሉን የሚወስነው ግን ሻጩም ገዢውም እምብዛም የማያነሱት ጉዳይ ነው፤ አምራቹ አፕዴት መላኩን የሚያቆምበት ጊዜ። እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 2025 ዋትስአፕ ከአይኦኤስ 15.1 በታች በሆኑ ስልኮች ላይ መሥራቱን አቆመ። አይፎን 5ኤስ፣ አይፎን 6 እና 6 ፕላስ ከአይኦኤስ 12 ማለፍ ስለማይችሉ ከአገልግሎቱ ውጭ ሆኑ። በዚያን ቀን ስክሪናቸው አልተሰነጠቀም፣ ባትሪያቸውም አልሞተም፤ የተለወጠው በዙሪያቸው ያለው ነው። አንድ ስልክ ከሌሎች ጋር ተጣጥሞ የሚሠራው ሌሎች ወገኖች በየጊዜው በሚያድሱት ስምምነት ነው። ስምምነቱ ካልታደሰ፣ ደህና የሆነው ስልክም ያረጃል።

ይህ በቻርጀር ላይ እንኳ ይታያል። የአውሮፓ ኅብረት ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ በገበያው የሚቀርቡ አዳዲስ ስልኮች የዩኤስቢ-ሲ መሰኪያ እንዲኖራቸው በሕግ አስገድዷል፤ አፕልም በ2023 በአይፎን 15 ላይ ላይትኒንግ የተባለውን የራሱን መሰኪያ ትቶ ወደዚሁ ተሻግሯል። መሰኪያው አንድ ሆነ ማለት ግን ሥራው አንድ ሆነ ማለት አይደለም። የአይፎን 15 መሰኪያ በሰከንድ እስከ 480 ሜጋቢት መረጃ ሲያስተላልፍ፣ በመልክ የማይለየው የ15 ፕሮ መሰኪያ እስከ 10 ጊጋቢት ይደርሳል። በፍጥነት መሙላትም እንዲሁ ነው። ቻርጀሩ ሊሰጥ የሚችላቸውን የቮልቴጅ መጠኖች ያሳውቃል፣ ስልኩም ከእነዚያ መካከል ይመርጣል፤ ካልተግባቡ በ5 ቮልት ብቻ ይሞላል። አንዳንድ አምራቾች የየራሳቸው የፈጣን ቻርጅ ዘዴ ስላላቸው፣ ኬብሉ ልክ ገብቶ እያለ ስልኩ በዝግታ ሊሞላ ይችላል። ደግነቱ በቻርጀር በኩል ያለው አለመጣጣም አብዛኛውን ጊዜ ያዘገያል እንጂ ጨርሶ አያቆምም።

በአፕ በኩል ነገሩ ይከፋል። አንድ አፕ ካሜራ ለመክፈት ወይም ያሉበትን ቦታ ለማወቅ የስልኩን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይጠይቃል። አዲስ ስሪት በመጣ ቁጥር አዲስ የመጠየቂያ መንገድ ይመጣል፤ አፕ ሠሪውም አሮጌዎቹን ሁሉ እየፈተሸ መቀጠል ስለሚከብደው አንድ ቦታ ላይ ይቆርጣል። ከዚህ የበለጠ የተደበቀ ምክንያትም አለ። እያንዳንዱ ስልክ የሚያምናቸውን የዲጂታል ምስክር ወረቀቶች ዝርዝር በውስጡ ይዟል፤ የድረ ገጾችን ማንነት የሚያረጋግጠውም በእነዚህ ነው። ለድረ ገጾች በነፃ ምስክር ወረቀት የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት ሥራ ሲጀምር የተደገፈበት ዋና ምስክር ወረቀት ሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 ጊዜው አለፈ። ከአንድሮይድ 7.1.1 በፊት የነበሩ ስሪቶች ደግሞ ተተኪውን አያውቁትም። ድርጅቱ ለጊዜው የሚያሻግር መላ ባያበጅ ኖሮ እነዚያ ስልኮች እጅግ ብዙ ድረ ገጾችን መክፈት ባቃታቸው ነበር። ማንም ያልነካው ስልክ እንኳ በነበረበት አይቆይም።

ታዲያ አፕዴቱ ለምን ይቋረጣል? ጉግል አዲስ አንድሮይድ ሲያወጣ በቀጥታ ወደ ሁሉም ስልክ አይደርስም። እንደ ኳልኮምና ሚዲያቴክ ያሉ የቺፕ አምራቾች ቺፑን የሚያሠራውን ሶፍትዌር ማስማማት፣ ስልክ አምራቹም የራሱን ጨምሮ መፈተሽ አለባቸው። አንዳቸው ካቆመ ሥራው ይቆማል። ጉግል በ2017 ከአንድሮይድ 8 ጋር ያመጣው ፕሮጀክት ትሬብል የቺፑን ሶፍትዌር ከቀሪው ክፍል በመለየት ይህን አቀለለ። ከዚያም ጉግል በ2023 ለወጣው ፒክስል 8፣ ሳምሰንግም በ2024 ለወጣው ጋላክሲ ኤስ24 የ7 ዓመት አፕዴት ቃል ገቡ። በዋጋ ዝቅ የሚለው ጋላክሲ ኤ16 ሳይቀር የ6 ዓመት ቃል ተገብቶለታል። ከዚህ በፊት የነበረው አጭር ዕድሜ እንግዲህ በአብዛኛው የአምራቾች ውሳኔ ነበር።

አፕዴት ራሱ ስልክን ማዘግያ ነው የሚሉ አሉ። ጥርጣሬው መነሻ አለው፤ አፕል ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን ፍጥነት በአፕዴት መቀነሱን በዲሴምበር 2017 አምኗል፣ በ2020ም የፈረንሳይ የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት 25 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቶታል። ይሁንና ቅጣቱ የመጣው ለተጠቃሚው ባለማሳወቁ ነው። ያረጀ ባትሪ ድንገት ከፍተኛ ኃይል ሲጠየቅ ስለሚያቅተው ስልኩ ይጠፋል፤ ባትሪው ሲቀየር ፍጥነቱ ይመለሳል። ጥፋቱ መደበቅ ከሆነ መድኃኒቱ ግልጽነት ነው። ሌሎች ደግሞ «ያለ አፕዴትም ይሠራልኛል» ይላሉ። ለመደወል ብቻ ከሆነ ልክ ናቸው። ነገር ግን ጉግል ከ2015 ጀምሮ የአንድሮይድን የደህንነት ክፍተቶች በየጊዜው በይፋ ያወጣል። አፕዴት ለማያገኝ ስልክ ይህ ዝርዝር የትኛው ክፍተት እንዳልተደፈነ ለአጥቂው ይጠቁምበታል። ቴሌብር በ2021 ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ በሚንቀሳቀስበት አገር ይህ የሚናቅ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው የዋጋ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው የሚይዘው ርካሽ ስልክ ወይም ከዐረብ አገርና ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የመጣ ያገለገለ ስልክ ነው። የአፕዴቱ ዘመን የሚቆጠረው ደግሞ ሞዴሉ ለገበያ ከወጣበት እንጂ እጃችን ከገባበት ቀን አይደለም፤ ፒክስል 8 መቼም ይገዛ መቼ አፕዴቱ የሚያበቃው በኦክቶበር 2030 ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ስሌት ዋጋውን ለቀሩት ዓመታት ማካፈል ነው። በዚህ ሒሳብ የባትሪ መቀየሪያ ተጨምሮበትም፣ አራት ዓመት የቀረው ያገለገለ ስልክ ሁለት ዓመት ብቻ ካለው አዲስ ስልክ ሊረክስ ይችላል። በብሪታንያ ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ጀምሮ አምራቾች የደህንነት አፕዴት የሚሰጡበትን ዝቅተኛ ጊዜ እንዲያሳውቁ ሕግ ያስገድዳል። መድኃኒት ላይ የማብቂያ ቀን እንደሚጻፍ የስልክ ካርቶን ላይም ይጻፍ ማለት እንግዲህ የማይሆን ጥያቄ አይደለም። እስከዚያው ገዢው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የመጨረሻው የደህንነት አፕዴት መቼ እንደሆነ ማየት፣ «እስከ መቼ ነው?» ብሎም ሻጩን መጠየቅ ይችላል። መልስ ከሌለ ዋጋው ይውረድ።