ያልተከፈለ ዕዳ በአሜሪካ መዝገብ ስንት ዘመን ይኖራል?

በአሜሪካ አገር ቤት የሚከራይ ወይም በዱቤ መኪና የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚመረመረው በብድር መዝገቡ ነው። መዝገቡን የሚይዙት ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን የተባሉ ሦስት ታላላቅ ኩባንያዎች ናቸው። ለትምህርትም ሆነ ለሥራ ወደዚያ የሚሻገሩ ወጣቶቻችንን የሚመለከት ስለ ሆነ ጥቂት ልናስረዳ ወደድን።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ወጥቶ በኋላ በተሻሻለው ሕግ መሠረት፣ ሳይከፈል ቀርቶ ለዕዳ ሰብሳቢ የተላለፈ ሒሳብ በመዝገቡ የሚቆየው 7 ዓመት ነው። ይኸውም የሚቆጠረው ዕዳው ለሰብሳቢ ከተሸጠበት ቀን ሳይሆን፣ ባለዕዳው መክፈሉን ካቋረጠበት ቀን 180 ቀን ታክሎ ነው። እንግዲህ በጥር 2020 መክፈል አቁሞ ያልተመለሰ ሰው፣ ዕዳው በ2024 ለሌላ ሰብሳቢ ቢሸጥም፣ ከ2027 አጋማሽ በኋላ በመዝገቡ ሊታይበት አይገባም። ቀኑን አድሶ የሚያስመዘግብ ሰብሳቢ ሕግ ይጥሳል፤ እንዲህ ያለውም አይታጣም። ባለዕዳው ለኩባንያው በጽሑፍ ሲቃወም፣ ኩባንያው አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ መርምሮ መልስ መስጠት አለበት።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን እዚህ ላይ ነው፤ ከመዝገብ መውጣትና ከዕዳ ነጻ መሆን አንድ አይደሉም። ለመክሰስ የተወሰነው ዘመን በየክፍለ ግዛቱ ይለያያል፤ በብዙዎቹም ዘንድ ጥቂት ገንዘብ መክፈል ብቻ የክሱን ዘመን እንደ ገና ያስጀምረዋል፤ የመዝገቡን 7 ዓመት ግን አይነካውም።