አንዱ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጌቲቭ? የኤች አይ ቪ ምርመራ ለምን ደረጃ በደረጃ እንደሚሠራ



የሠርግ ወራት ሲቃረብ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ አንድ ጥያቄ አለ። አዲሱ ገበያና አካባቢው ካሉ ጥንዶችም፣ ከሌላ ሰፈርም ይመጣል። «ዶክተር፣ ለጋብቻ ብለን ተመረመርን። የእሱ የመጀመሪያው ፖዘቲቭ፣ ሁለተኛው ኔጌቲቭ ሆነ። ከ14 ቀን በኋላ ተመለሱ አሉን። እስከዚያ ሌላ ክሊኒክ እንሞክር ወይ?»

አይ፣ አትሞክሩ። ምክንያቱ ትንሽ ሒሳብ አለው፣ ግን የሱቅ ሒሳብ ነው።

1,000 ሰው ተመረመረ እንበል። በአገራችን በአዋቂዎች ላይ ስርጭቱ 1 በመቶ ገደማ ስለሆነ ቫይረሱ በደማቸው ያለው 10 ያህሉ ናቸው። መመርመሪያው ደግሞ ጎበዝ ነው፤ ቫይረሱ ከሌለባቸው ሰዎች 99 በመቶውን በትክክል ኔጌቲቭ ይላል ብለን እናስብ። ከቀሩት 990 ሰዎች 1 በመቶው ስንት ነው? ወደ 10። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ 20 ሰው ፖዘቲቭ ያወጣል፣ ግማሾቹ ግን ምንም የለባቸውም! በአንድ ፖዘቲቭ ብቻ ማንም ባለሙያ «አለብህ» የማይለው ለዚህ ነው።

እነዚህ 20 ሰዎች ብቻ ወደ ሁለተኛው ምርመራ ያልፋሉ፤ የቀሩት 980ዎቹ በአንድ ጠብታ ደም ጨርሰው ሄደዋል። ሁለተኛው የሚሠራው በሌላ ዓይነት ኪት ነው። የመጀመሪያውን ያሳሳተው ነገር ደማችሁ ውስጥ ካለ፣ ያንኑ ኪት አሥር ጊዜ ብትደጋግሙት አሥር ጊዜ ሊሳሳት ይችላላ። ሁለቱም ፖዘቲቭ ካሉ ሦስተኛ ይጨመራል፣ ሦስቱም ሲስማሙ ነው ፖዘቲቭ የሚባለው። ካልተስማሙ መልሱ «ገና አልተለየም» ነው።

ይህ «ገና» የሚለው መልስ ሰዎችን ያናድዳል፣ እኔ ግን ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። አብርሃም ዋልድ የተባለ የሒሳብ ሊቅ በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ አሜሪካ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ የጦር መሣሪያ ጥራት እንዴት እንደሚፈተሽ ሲሠራ፣ አንድ አንድ እያሉ መፈተሽን በቀመር አስቀመጠው። ከእያንዳንዱ ፍተሻ በኋላ ሦስት ምርጫ አለ፦ ተቀበል፣ ጣል፣ ወይም አንድ ጨምር። ብዙ ጊዜ በግማሽ ያህል ናሙና ይጨርሳል። እ.ኤ.አ. እስከ 1945 ድረስ በምስጢር ተይዞ ነበር። የእኛ ምርመራ ቃል በቃል የእሱ ቀመር አይደለም፣ ሐሳቡ ግን ያው ነው። ዋናው ነገር መቼ እንደሚቆም ከመጀመሩ በፊት መወሰኑ ነው።

ደንቡ ሲላላ ምን እንደሚሆን በአገራችን ታይቷል። ድሮ ሁለቱ ምርመራዎች ካልተስማሙ ሦስተኛው እንደ ዳኛ ይገባና ሁለት ለአንድ ይፈረድ ነበር። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በአማራ ክልል አብዱራፊ ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት፣ ይህ አሠራርና በጣም የደበዘዘች መስመርን እንደ ፖዘቲቭ መቁጠር ለሐሰተኛ ፖዘቲቭ ውጤት ምክንያት እንደሆኑ አሳየ። ቫይረሱ ሳይኖርባቸው «አለባችሁ» የተባሉ ሰዎች ማለት ነው። ትዳር፣ ልጅ፣ ሥራ… አስቡት። የዓለም ጤና ድርጅትም ሦስተኛውን ምርመራ እንዲህ እንደ ዳኛ መጠቀምን አይመክርም።

አሁን ወደ «ሌላ ክሊኒክ እንሞክር» ልመለስ። እዚያ ስትሄዱ የበፊቱን አትናገሩም፣ ባለሙያው ከዜሮ ይጀምራል። ኔጌቲቭ ካለ እልል ብላችሁ ትቆማላችሁ፣ ፖዘቲቭ ካለ ወደ ሦስተኛው ክሊኒክ ትሄዳላችሁ። የምትቆሙት የምትፈልጉት መልስ ሲመጣ ብቻ ነው፤ እንዲህ ከሆነ መልሱ የደማችሁ ሳይሆን የምኞታችሁ ነው። በመድኃኒት ሙከራም እንዲሁ ነው፦ የማይሠራን መድኃኒት «ሠራ» ብሎ የመሳሳት ዕድሉ 5 በመቶ እንዲሆን የታቀደ ሙከራ፣ መረጃው እየተጠራቀመ 5 ጊዜ ቢታይና ደስ ባለን ጊዜ ብናቆመው ስህተቱ ወደ 14 በመቶ ይወጣል።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። መድኃኒት የጀመረ ሰው «ድኜ እንደሆን ልይ» ብሎ ድጋሚ የሚመረመረው ነገር። መድኃኒቱ ቫይረሱን ሲያዳክመው አንቲቦዲው ሊቀንስና ፈጣን ምርመራው ኔጌቲቭ ሊል ይችላል። ቫይረሱ ግን አለ! ጸበላችሁን ጠጡ፣ ጸልዩ፣ መድኃኒቱን ግን እባካችሁ አታቁሙ። ለእናንተ የሚጠቅመው ምርመራ የቫይረስ መጠን ልኬት ነው።

14ቱ ቀንስ ለምን? ቫይረሱ ሰሞኑን የገባ ከሆነ አንቲቦዲው ገና እየወጣ ስለሚሆን፣ ጊዜ ሲሰጠው ይለያል። እስከዚያ ኮንዶም ተጠቀሙ፣ ደም አትለግሱ። ቀጠሮው ሲደርስ ወደዚያው ጤና ጣቢያ ተመለሱ፤ የግድ ሌላ ቦታ ከሆነም የመጀመሪያውን የውጤት ወረቀት ይዛችሁ ሂዱና ለባለሙያው አሳዩት።