ሰፊ የወረቀት ጥቅል በመጋዝ ሲቆረጥ፡- ትርፉና ኪሳራው

የወረቀት ዋጋ በናረ ቁጥር በየማተሚያ ቤቱና በየንድፍ ቢሮው አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። "ጥቅሉ ሰፋብን እንጂ ወረቀቱ ያው ወረቀት ነው፤ ቆርጠን ብንጠቀምበትስ?" የሚል ነው። 61 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ወረቀት ብቻ የሚቀበል ፕሎተር የያዘ ቢሮ፣ ከገበያ ያገኘው ጥቅል 91 ሳንቲ ሜትር ሲሆንበት ዓይኑ የሚያርፈው አጠገቡ ባለው የእንጨት ሥራ ቤት የኤሌክትሪክ መጋዝ ላይ ነው። ባህር ዛፍና ዋንዛ የሚሰነጥቅ መጋዝ ወረቀት እንዴት ያቅተዋል?

በእርግጥም አያቅተውም። ጥያቄው መጋዙ ወረቀቱን ይቆርጣል ወይ ሳይሆን፣ የተቆረጠው ወረቀት ከዚያ በኋላ ለታሰበለት ሥራ ይሆናል ወይ የሚለው ነው። ከዚህም በላይ የቆራጩ እጅ ጉዳይ አለ። ስለዚህ በመጋዝ ሊቆረጥ የሚችለው የትኛው ጥቅል እንደሆነ፣ የትኛው ፈጽሞ መነካት እንደሌለበትና ሥራው እንዴት መከናወን እንዳለበት መለየት ያስፈልጋል።

ፋብሪካው እንዴት ይቆርጣል?

ወረቀት በጥቅል መሠራት የጀመረው ፈረንሳዊው ሉዊ ኒኮላ ሮበርት እ.ኤ.አ በ1799 ያለማቋረጥ ወረቀት የሚያወጣ ማሽን ከፈለሰፈ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ወረቀት የሚሠራው በወንፊት እየተጠለለ አንድ በአንድ ነበር። ዛሬ ትልልቆቹ ማሽኖች ከ10 ሜትር በላይ ስፋት ያለው ወረቀት ያወጣሉ። ይህ ግዙፍ ጥቅል እንዳለ ለገበያ ስለማይቀርብ ደንበኛው በሚፈልገው ስፋት ይከፋፈላል።

ታዲያ ፋብሪካው ለዚህ ሥራ መጋዝ አይጠቀምም። ጥቅሉ እንደገና ይተረተራል፤ ወረቀቱ እየሮጠ በክብ ቢላዎች መካከል ያልፋል፤ ከቢላዎቹ ወዲያ ማዶ እንደየስፋቱ በየራሱ የካርቶን ቱቦ ላይ መልሶ ይጠቀለላል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ቢላው በማንኛውም ቅጽበት የሚቆርጠው የአንድ ወረቀት ውፍረት ብቻ ነው። በዚህም የተነሳ ጠርዙ ንጹሕ ይሆናል፤ ብናኙ እጅግ አነስተኛ ነው፤ በመቁረጫው የሚባክን ስፋትም የለም ማለት ይቻላል።

መጋዝ ግን ጥቅሉን ሳይተረትር በአንድ ጊዜ ያጠቃዋል። 50 ሜትር ርዝመት ያለው ተራ የፕሎተር ወረቀት ሲጠቀለል 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ይኖረዋል። ከካርቶን ቱቦው በላይ 200፣ ከቱቦው በታች ደግሞ ሌላ 200 ያህል ንብርብር አለ። እነዚህ ንብርብሮች ተጠባብቀው ሲያዙ ጥንካሬያቸው ከደረቅ ግንድ አይተናነስም። የመጋዙ ጥርስ ይህን ሁሉ እየፋቀ ነው የሚያልፈው።

በመጋዝ የሚቆረጠው የትኛው ነው?

በእርግጥ መጋዝ በወረቀት ኢንዱስትሪ ውስጥ ቦታ የለውም ማለት አይደለም። በየቤታችን የምንጠቀምበት ሶፍት የሚቆረጠው በመጋዝ ነው። ሶፍቱ መጀመሪያ ከ2 ሜትር በላይ በሚረዝም ቱቦ ላይ እንደ ቀጭን ግንድ ይጠቀለላል። ከዚያም 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ እየሆነ ይከተፋል። ይሁን እንጂ የዚህ መጋዝ ምላጭ ጥርስ የለውም፤ እንደ ቢላ የተሳለ ክብ ብረት ነው። ማሽኑ ራሱ እየቆረጠ በመሞረጃ ድንጋይ ምላጩን ይስለዋል። ሶፍት ልልና ለስላሳ በመሆኑ፣ ጠርዙም ቢሻክር የሚያውከው ማሽን ባለመኖሩ ዘዴው ለዚህ ምርት ተስማሚ ሆኗል።

ከሶፍት ውጪ በተራ የእንጨት መጋዝ ሊሞከር የሚችለው ቀጭንና ቀላል የሆነ፣ ምንም ያልተቀባ ነጭ የፕሎተር ወረቀት ነው። 91.4 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 50 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 80 ግራም ወረቀት ከነቱቦው 4 ኪሎ ግራም ገደማ ቢመዝን ነው። አንድ ሰው አንስቶ ሊያስቀምጠው ይችላል።

የሚከተሉት ግን ለመጋዝ አይሆኑም።

የካሽ ሬጂስተር ወረቀት፡- ይህ ወረቀት ጽሑፍ የሚያወጣው በቀለም ሳይሆን በሙቀት ነው። የብዙዎቹ ዓይነቶች ገጽ ከ70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ጀምሮ ይጠቁራል። በሰበቃ የጋለ ምላጭ ሲነካው ጠርዙ ይጠቁራል። ከዚህም ሌላ ወረቀቱ የሚቀባው ኬሚካል ጉዳይ አለ። የአውሮፓ ኅብረት ቢስፌኖል ኤ የተባለውን ንጥረ ነገር በዚህ ዓይነት ወረቀት ላይ ከጥር 2020 እ.ኤ.አ ጀምሮ የገደበው ለጤና አስጊ ነው በማለት ነው። ንጥረ ነገሩ ያለበትን ወረቀት ፈጭቶ ብናኙን መተንፈስ ደግ አይደለም።

ባነርና ስቲከር፡- ፕላስቲክ ስለሆኑ በሰበቃ ሙቀት ይቀልጣሉ፤ ንብርብሮቹም እርስ በርስ ይጣበቃሉ። የስቲከሩ ሙጫ ደግሞ የምላጩን ጥርስ ይሞላዋል።

የፎቶ ወረቀት፡- ላዩ የተቀባው ሽፋን በጠርዙ በኩል እየተሰነጠቀ ይረግፋል።

የጋዜጣ ወረቀት፡- 84 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ውፍረት ያለው ጥቅል 400 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ከተንከባለለ ሰው ይገድላል። በእጅ መጋዝ የሚደፈር ሥራ አይደለም። በዛፍ መቁረጫ ሰንሰለታማ መጋዝ ልሞክር የሚል ካለም፣ ከሰንሰለቱ የሚረጨው ዘይት ወረቀቱን እንደሚያበላሸው ማወቅ አለበት።

መጋዝ የሚበላው ስፋት

ብዙዎች የሚረሱት ሒሳብ ይህ ነው። የተለመደው ክብ የመጋዝ ምላጭ ሲያልፍ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ወደ ብናኝነት ይለውጣል። 84 ሳንቲ ሜትር የሆነን ጥቅል ለሁለት እኩል ከፍለን 42፣ 42 እናገኛለን ብንል፣ የምናገኘው ግን 41.85 ነው። ማሽኑ በትክክል 42 የሚፈልግ ከሆነ ሁለቱም ግማሾች አጠሩ ማለት ነው።

ቁራጩ ሲበዛ ኪሳራውም ይበዛል። ከ1 ሜትር ስፋት ላይ 57 ሚሊ ሜትር የሆኑ ቁራጮችን የሚያወጣ የፋብሪካ መቁረጫ 17 ያወጣል። 3 ሚሊ ሜትር የሚበላ መጋዝ ግን ሁለቱን ጫፎች ማስተካከልን ጨምሮ 17 ቁራጭ ለማውጣት 102 ሳንቲ ሜትር ያስፈልገዋል። ስለዚህ 16 ብቻ ይወጣል። ከ17 አንዱ በብናኝ መልክ ወለል ላይ ቀረ ማለት ነው።

በሌላ በኩል ሒሳቡ የሚያዋጣበት ጊዜም አለ። 91.4 ሳንቲ ሜትር ከሆነው የፕሎተር ጥቅል ላይ 61 ሲነሳና መጋዙ የበላው ሲቀነስ 30.1 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። የኤ3 ወረቀት ወርድ 29.7 ሳንቲ ሜትር በመሆኑ ትርፉ ሳይጣል ተቆራርጦ ለኤ3 ሥራ ይውላል። መጋዝ ማሰብ የሚገባው እንዲህ ያለ ሒሳብ ሲገኝ ነው።

አቆራረጡ

በመጀመሪያ ጥቅሉ በካርቶን ቱቦው ላይ መጥበቁ ይታያል። የላላ ከሆነ ሲቆረጥ ንብርብሮቹ ይንሸራተታሉ። መቁረጫው መስመር የሚያርፍበት ቦታ ዙሪያውን በሰፊ ፕላስተር ተጠብቆ ይታሰራል። መስመሩን ቀጥ አድርጎ ለማስመር ቀላሉ ዘዴ አንድ ወረቀት በጥቅሉ ላይ መጠምጠምና ጫፍና ጫፉን አጋጥሞ በጠርዙ ማስመር ነው።

ቀጥሎ ማስቀመጫው ይዘጋጃል። ክብ ነገር ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ በመጋዝ ሲነካ ምላጩ ይዞት ይሽከረከራል፤ የያዘውን እጅም አብሮ ይስበዋል። ስለሆነም ሁለት ጣውላ እንደ ገንዳ ተገጣጥሞ ጥቅሉ በውስጡ ይተኛል፤ ከምላጩ ግራና ቀኝም በሞርሳ ይታሰራል። ጣውላዎቹ የተመቱበት ምስማር በምላጩ መንገድ ላይ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ምላጩ አዲስ ወይም በደንብ የተሳለ፣ ጥርሱም የበዛ መሆን አለበት። ለ254 ሚሊ ሜትር ምላጭ ከ60 እስከ 80 ጥርስ ተስማሚ ነው። ጥርሱ ትልልቅና የተራራቀ ከሆነ ወረቀቱን ይቦጫጭቀዋል። የብረት መቁረጫ ግራይንደር ግን በፍጹም አይሆንም፤ ዲስኩ የሚቆርጠው በመፋቅ በመሆኑ ወረቀቱን ያቃጥለዋል።

ምላጩ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚገባም አስቀድሞ መታወቅ አለበት። በእጅ የሚያዘው ባለ 184 ሚሊ ሜትር መጋዝ 6.5 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ከላይ ወደ ታች የሚወርደው ባለ 254 ሚሊ ሜትር መጋዝ ደግሞ 9 ሳንቲ ሜትር ያህል ይገባሉ። 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ጥቅል ሁለቱም በአንድ ጊዜ አይበቁም። መጋዙ ይጠፋል፤ ምላጩ ፈጽሞ እስኪቆም ይጠበቃል፤ ጥቅሉ ዞሮ እንደገና ይታሰራል፤ ከዚያ በኋላ ቀሪው ይቆረጣል። ምላጩ እየዞረ ጥቅሉን ለማዞር መሞከር ጣት ያሳጣል።

ሲቆረጥ አለመቸኮል ደግ ነው። ይሁንና ከመጠን በላይ ማዘግየትም ምላጩ እዚያው እየተፋተገ እንዲግል ያደርገዋል። የማረር ሽታ ከመጣ ወይ ምላጩ ደንዟል፣ ወይ አገፋፉ ልክ አይደለም።

ከተቆረጠ በኋላ ሁለቱም ጫፎች በብሩሽ ወይም በቫኪዩም ማጽጃ በሚገባ ይጸዳሉ። ይህ ለይምሰል የሚደረግ አይደለም። በጠርዙ ላይ የቀረ ብናኝ ፕሎተሩ ውስጥ ሲገባ ቀለም የሚረጩትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይደፍናል። የፕሎተር ራስ መቀየር ደግሞ ከጥቅሉ ወረቀት እጅግ የሚበልጥ ወጪ ነው። የመጀመሪያውን 1 ሜትር ተርትሮ መጣልና ጠርዞቹ እርስ በርስ አለመያያዛቸውን ማረጋገጥም ይገባል።

ብናኙን አለመናቅ

የወረቀት ብናኝ ከሰጋቱራ የደቀቀ ነው። በአየር ላይ ሲበተን ዓይን ያቆስላል፤ ሳንባ ይገባል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ይቀጣጠላል። ማንኛውም የሚቃጠል ነገር ደቆ በአየር ላይ ሲንሳፈፍ እንደ ባሩድ ሊፈነዳ ይችላል። እ.ኤ.አ በየካቲት 2008 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት በፖርት ዌንትዎርዝ ከተማ የስኳር ብናኝ ፈንድቶ 14 ሠራተኞች ሞተዋል። አንድ ሁለት ጥቅል መቁረጥ እንዲህ ያለ አደጋ ያመጣል ማለት አይደለም። ነገር ግን በጠበበ ክፍል በየቀኑ የሚቆርጥ ሰው ግድግዳና ጣሪያ ላይ የሚከማቸውን ብናኝ ቸል ማለት የለበትም። በዚያ ክፍል ሲጋራ ማጨስም ሆነ ብየዳ መበየድ የተከለከለ ሊሆን ይገባል።

ቆራጩ የዓይን መነጽርና የአፍና አፍንጫ ጭምብል ያደርጋል። ጓንት ግን ምላጩ አጠገብ አያስፈልግም፤ ጥርሱ ጨርቁን ከያዘው እጅን ይዞ ይገባል። ልል እጅጌ፣ ነጠላና የአንገት ልብስም እንዲሁ መውለቅ አለባቸው።

ከመጋዙ በፊት

መጋዝ የመጨረሻው አማራጭ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ወረቀቱ ገና ሲገዛ አቅራቢው በሚፈለገው ስፋት ከፍሎ እንዲያቀርብ መጠየቅ ይቻላል። መተርተሪያና መልሶ መጠቅለያ ማሽን ያለው ድርጅት ከተገኘም የሚጠይቀው ክፍያ መጋዙ በብናኝ ከሚያባክነው ወረቀት ጋር መነጻጸር አለበት። ወረቀቱ ለጠፍጣፋ ሥራ ብቻ የሚፈለግ ከሆነ ደግሞ ከጥቅሉ ላይ እየተረተሩ በተራ የወረቀት መቁረጫ መክፈል ይበቃል።

እነዚህ ሁሉ ካልተሳኩ፣ ጥቅሉ ቀጭን፣ ወረቀቱ ያልተቀባ፣ ሒሳቡም የሚያዋጣ ከሆነ በጥንቃቄ በመጋዝ መቁረጥ ይቻላል። ከዚህ ውጪ 30 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ለማዳን ብሎ ሙሉውን ጥቅል፣ ፕሎተሩን ወይም ጣትን ማጣት "ከቆጡ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" እንደሚባለው ነው።