የአያት ጋሻ አያያዝ በጎጃም ደጋ

ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ በእነብሴ ሳር ምድር ያሠሩት የመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የድንጋይ ፍርስራሽ የጎጃምን ደጋ ክረምትና በጋ ለአምስት መቶ ዓመታት ያህል ተቋቁሞ ቢቆይም፣ በዚሁ አየር በየአድባራቱ ዕቃ ቤትና በየቤተሰቡ ግድግዳ ላይ ለሚኖር የአያት ጋሻ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘልቀው ርጥበትና እሱን ተከትሎ የሚመጣው ደረቅ በጋ ከጦር የማይተናነስ ጠላት ነው።

ምክንያቱ ጋሻው ከተሠራበት ነገር ይነሣል። ጋሻ የጎሽ፣ የጉማሬ፣ የአውራሪስ ወይም የበሬ ቆዳ ርጥብ እንዳለ ጎብጦና ደርቆ የሚሠራ ሲሆን፣ ቆዳው እንደ ጫማ ቆዳ ያልለፋ ጥሬ ስለሆነ ርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅም ይኮማተራል፤ ይህ መፈራረቅ በየዓመቱ ሲደጋገም ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። የመኳንንቱ ጋሻ በዚህ ላይ ከፋይ ለብሶ በብር ጌጥ ስለሚሽቆጠቆጥ ጠባያቸው የማይመሳሰል ሦስት ነገሮች በአንድ ዕቃ ላይ ተጣምረው ይገኛሉ፤ ለአንዱ የሚበጀውም ሌላውን ሊጎዳ ይችላል።

ስለዚህ ከማጽዳት መመርመር ይቀድማል። ጋሻው ጨለም ባለ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ የእጅ ባትሪ ከጎኑ ሲበራበት፣ በቀን ብርሃን የማይታዩ ስንጥቆች ጎልተው ይወጣሉ። በከፋዩ ጠርዝ፣ በእጀታው ጠፍርና በስፌቱ መካከል ቀዳዳ፣ የትል ቅርፊት ወይም ዱቄት መሰል ትኩስ ብናኝ ከተገኘ ብል ወይም ቆዳ የሚበላ ጥንዚዛ ገብቷል ማለት ስለሆነ፣ ጋሻው ከሌሎች ዕቃዎች ተለይቶና በላስቲክ ታሽጎ ባለሙያ እስኪያየው ይቆያል። በሙዚየሞች እንዲህ የታሸገ ዕቃ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ማቀዝቀዣ ለሳምንት ያህል እንዲቆይ በማድረግ ተባዩ ይገደላል። ፍሊት መርጨት ግን ከፋዩን ስለሚያበላሽ መደረግ የለበትም።

በማጽዳት ጊዜ ከደግ አሳብ የሚመጣው ጉዳት ከሁሉም ይከፋል። ቆዳውን ለማለስለስ የሚቀባ ቅቤ ወይም ዘይት አቧራ ይይዛል፣ ተባይ ይጠራል፣ ቆዳውንም ያጠቁራል፤ ወደ ናስ ወይም መዳብ ወደተቀላቀለበት ብር ከዘለቀም ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ ሰም መሰል አረንጓዴ ዝቃጭ ይሆናል። ብሩን በአመድ ወይም በሎሚ መፈተግም ከጥቁረቱ ጋር የብሩን ገጽ ጭምር እየላጠ ስለሚሄድ፣ አንጥረኛው የቀረጸው ሐረግ በየፍተጋው ይደበዝዛል፤ ብሩ ጠቆር ብሎ ቢቆይ ምንም አይጎዳም። ጥሬ ቆዳ ውኃና ሳሙና ፈጽሞ ሊነካው አይገባም። ጓንት አጥልቆ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ቀስ ብሎ መጥረግ ይበቃል።

ጋሻን ግድግዳ ላይ መስቀል የቆየ ልማድ ቢሆንም ክብደቱ ሁሉ ባረጀ ጠፍር ላይ ስለሚያርፍ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ፣ በጎድጓዳው ውስጥ ታጥቦ የደረቀ አቡጀዲ የለበሰ ትራስ አስገብቶ ማሳረፍ ይሻላል። መደርደሪያው ከወለል ከፍ፣ ከውጭው ግድግዳ ፈቀቅ ያለ፣ ፀሐይና ጭስ የማይደርስበት ይሁን። የአየሩ ርጥበት በመቶኛ ከ45 እስከ 55 ሳይዋዥቅ ቢቆይ መልካም ነው።

  

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከዘረፋቸው ቅርሶች መካከል አንድ ጋሻ በ2014 ዓ.ም. ወደ ሀገሩ ተመልሷል፤ ከሀገር ሳይወጡ የቀሩት ግን በዕቃ ቤት ጠባቂዎችና በቤተሰቦች እጅ ናቸው። ስለዚህ ጋሻ ያለው ሁሉ ክረምት ሳይገባ አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሲወጣም ሌላ ጊዜ ፎቶግራፍ እያነሣ ይመርምረው፤ የተሰነጠቀውን መጠገን ግን በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ፣ ፈቃዱ እስኪገኝ ስንጥቁን ሳይነካ ይተወው።